ቁስሉ ደርቆ ሕመሙ ሲቀር
ስለ አልማዝ ባለጭራ የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



አልማዝ ባለጭራን በስም የማያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። እሱን ባይዘው አክስቱን ወይም ጎረቤቱን ይዟቸው አይቷል። በአንድ ወገን ብቻ፣ ከጀርባ ተነሥቶ ወደ ደረት ወይም ወደ ሆድ የሚዞር፣ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ነው። ያቃጥላል፣ ይወጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ሦስት አራት ሳምንት ሲሆነው ይደርቃል፤ ቅርፊቱ ይረግፋል፤ ቤተሰብም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳኑ» ይላል። እኔ ዛሬ ልናገር የመጣሁት ከዚያ ቀን በኋላ ስላለው ነገር ነው፤ ቆዳቸው ድኖ ሕመሙ ስለሚቀርባቸው ሰዎች። እነዚህ ሰዎች የሚያሳዩት ቁስል ስለሌላቸው የሚያምናቸው አጥተው ይኖራሉ። የሕክምናው ምርምር ግን ስለ ሕመማቸው ብዙ ያውቃል፤ ያወቀውም ለእነሱ መድረስ አለበት። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ በሽታው ከየት እንደሚመጣ እንስማማ። ሸረሪት ወይም ሌላ ትንሽ ፍጥረት ሰውነት ላይ ስትሄድ ወይም ስትሸና የሚመጣ ነው ሲባል ይሰማል። ማታ ደኅና ተኝቶ ጠዋት ጎኑ ላይ በመስመር የተሰደረ ሽፍታ ያገኘ ሰው ከአልጋው ውስጥ ጥፋተኛ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ነገር ግን በሽታው ከውጭ አልመጣም። በልጅነታችን ጉድፍ ያወጣብን ቫይረስ ጉድፉ ሲድን ከሰውነታችን አይወጣም። በአከርካሪ አጥንት ግራና ቀኝ በሚገኙት የስሜት ነርቮች ቋጠሮ ውስጥ ገብቶ፣ አመድ እንደ ለበሰ ፍም፣ አርባና ሃምሳ ዓመት ይቀመጣል። ዕድሜ ሲገፋ፣ ወይም ሌላ ሕመም ወይም መድኃኒት የሰውነትን የመከላከል ኃይል ሲያደክመው ይነሣል፤ የተነሣበትን አንድ ነርቭ ተከትሎም ወደ ቆዳ ይወርዳል። የግራው ነርቭ የቀኙን ጎን አያገለግልምና ሽፍታው የሰውነትን እኩሌታ አልፎ አይሄድም።

ይህን ለማወቅ ብዙ ሰው ደክሟል። በቡዳፔስት የሕፃናት ሐኪም የነበሩት ያኖሽ ቦካይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው አልማዝ ባለጭራ ሲይዘው ከጥቂት ሳምንት በኋላ በዚያው ቤት ያሉ ልጆች ጉድፍ እንደሚያወጡ አስተዋሉ። በ1900 በእንግሊዝ ሄንሪ ሄድ እና አልፍሬድ ካምቤል በሽታው ይዟቸው የነበሩ የ21 ሰዎችን አስከሬን መርምረው ጉዳቱ ከቆዳው በፊት የነርቩን ቋጠሮ እንደሚመታ አሳዩ። ሽፍታው በየታማሚው ላይ የወጣበትን ቦታ እየነደፉም እያንዳንዱ ነርቭ የትኛውን የቆዳ ክፍል እንደሚያገለግል ካርታ ሠሩ። ለሄድ ይህ አልበቃቸውም። የሕመምን ነገር ከታማሚው አንደበት በቀር የሚገልጠው እንደሌለ ስለ ተረዱ፣ በ1903 የገዛ ክንዳቸውን ነርቭ በቀዶ ሕክምና አስቆርጠው ስሜት እንዴት እንደሚጠፋና እንዴት እንደሚመለስ ለዓመታት በራሳቸው ላይ አጠኑ። በ1950ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው ቶማስ ዌለር ከሁለቱ በሽታዎች የወሰዱትን ቫይረስ በቤተ ሙከራ አሳድገው አንድ መሆኑን አረጋገጡ።

ከሁሉ ይልቅ የማደንቃቸው ግን ኤድጋር ሆፕ ሲምፕሰን የተባሉትን የገጠር ከተማ ሐኪም ነው። ሳይረንሰስተር በምትባል ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ 3,500 ገደማ ሰው የሚታከምበት ክሊኒክ ነበራቸው። ከ1947 እስከ 1962 ድረስ ለ16 ዓመታት አልማዝ ባለጭራ ይዞት የመጣውን ሰው ሁሉ፣ ዕድሜውንና ሽፍታው የወጣበትን ቦታ ጭምር፣ በመዝገብ አሰፈሩ። የተሰበሰበው 192 ሕመምተኛ ነበር። ሕዝቧ ጥቂት ወደሆነችው የሼትላንድ ደሴት፣ ወደ የል ድረስ ተጉዘውም የጉድፉንና የአልማዝ ባለጭራውን ግንኙነት በየቤቱ ተከታተሉ። በ1965 ያሳተሙት ጽሑፍ ዛሬ እዚህ ቆሜ የነገርኳችሁን ታሪክ የያዘ ነው፦ ቫይረሱ ከልጅነት ጀምሮ በውስጣችን ይኖራል፣ የሰውነት መከላከያ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ይነሣል። ይህን ያገኙት በውድ መሣሪያ አይደለም። ታማሚን በትዕግሥት ሰምቶ፣ የሰሙትን በትክክል ጽፎ፣ ዓመታት ሳይሰለቹ በመቀጠል ነው። በየጤና ጣቢያችን በየቀኑ የሚሞላው መዝገብ እንዲህ ያለ ሥራ ሊወጣው የሚችል መሆኑን ወጣት የጤና ባለሙያዎች ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ታማሚው እንምጣ። አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ሽፍታውን ይቀድመዋል። ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ቀን ቆዳው ላይ ምንም ሳይታይ ያቃጥላል፣ ይጠዘጥዛል። ደረት ላይ ከሆነ የልብ፣ ከጎድን በታች ከሆነ የሐሞት ወይም የኩላሊት፣ ወገብ ላይ ከሆነ የዲስክ ይመስላል። ሰዉ ብርድ ነው ብሎ ይታሻል፤ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ይጠጣል። (ምች ስንል ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል የዚህ ቫይረስ ዘመድ በሆነ በሌላ ቫይረስ የሚመጣ ነውና ከአልማዝ ባለጭራ ጋር አናምታታው።) ከዚያ ሽፍታው ይወጣል። ሰዓቱ መቆጠር ያለበት ከዚህ ጀምሮ ነው። እንደ አሲክሎቪር ያሉት ፀረ ቫይረስ መድኃኒቶች ይበልጥ የሚጠቅሙት ሽፍታው በታየ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመሩ ነው። አሲክሎቪር በቀን አምስት ጊዜ ለሰባት ቀን ያህል የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ የሚያዘውም ሐኪም ነው። እነዚያ ሦስት ቀናት እኛ ዘንድ በምን ያልቃሉ? ቅጠል ተጨምቆ ይቀባል፣ የጥርስ ሳሙና ይቀባል፣ «ነገ ይሻላል» ይባላል። የተቀባው ነገር ቁስሉን ያመረቅዘው ይሆናል፤ የሚከፋው ግን ቀኑ ማለፉ ነው። ጸሎቱም ጠበሉም ሐኪም ቤት ከመሄድ አይከለክልም።

ሽፍታው ግንባር ላይ፣ የዓይን ቆብ ላይ ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ግን ሦስቱን ቀን መቁጠርም አያስፈልግም፤ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ነው። ያ ነርቭ ዓይንንም ያገለግላልና ብርሃንን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። በሀገራችን የዓይን ሐኪሞች በ1997 ባሳተሙት ጥናት ዓይን ላይ በወጣ አልማዝ ባለጭራ ከታከሙት ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው ተገኝቷል። ያ ዘመን መድኃኒት ያልነበረበት ክፉ ዘመን ነበር። በዚያ ምክንያትም አንድ ወጣት አልማዝ ባለጭራ ሲይዘው ጎረቤት መንሾካሾክ ለመደ፤ ወጣቱም ተደብቆ ቀኑ ያልፍበታል። በግልጽ ልናገረው፦ አልማዝ ባለጭራ ለብቻው የኤች አይ ቪ ማስረጃ አይደለም። በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ያለ ምንም ሌላ ሕመም ይይዛል፤ ወጣትንም ይይዛል። ወጣት ሲይዝ መመርመር ተገቢ ነው፤ ምርመራውም ታማሚውን ለመጥቀም እንጂ ለመፍረድ አይደለም። ስለ መተላለፉ ደግሞ ይህን ብቻ እወቁ፦ ከታማሚው የሚያዝ ሰው ቢኖር የሚይዘው ጉድፍ ነው፤ እሱም ጉድፍ ያላወጣ ከሆነ። ስለዚህ ቅርፊቱ እስኪደርቅ ቁስሉን መሸፈን፣ ጉድፍ ካላወጡ ነፍሰ ጡሮችና ከአራስ ልጅ መራቅ ያስፈልጋል።

ሽፍታው ከወጣ ሦስት ወር አልፎ ሕመሙ ካልተወ ሐኪሞች ሌላ ስም ይሰጡታል፤ ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ የቀረ የነርቭ ሕመም ይሉታል። በአሜሪካ በተሰበሰበው መረጃ መሠረት አልማዝ ባለጭራ ከሚይዛቸው 100 ሰዎች ከ10 እስከ 18 የሚሆኑት ይህ ይደርስባቸዋል፤ ዕድሜ በጨመረ መጠን ቁጥሩም ይጨምራል። እንዴት ያለ ሕመም ነው? ነጠላ ሲነካው ይንገበገባል። ነፋስ ሲያገኘው ያቃጥላል። ታማሚው ሸሚዙን በእጁ ከገላው አርቆ ይዞ ይቀመጣል፤ በዚያ ጎን አይተኛም፤ የልጅ ልጁ ሮጦ ሲያቅፈው ይሸሻል። ቦታውን በመርፌ ጫፍ ብትነኩት ደግሞ ደንዝዟል። የደነዘዘ ቦታ እንዴት ያቃጥላል? ታማሚውን «ሐሳብ ነው»፣ «እርጅና ነው»፣ «ዓመል ሆኖባቸው ነው» የሚያሰኘው ይኸው ነው። አሜሪካዊቷ የነርቭ ሐኪም አን ልዊዝ ኦክላንደር ሕመሙ ከቀረባቸው ሰዎች ከዚያው ቦታ ትንሽ ቆዳ ወስደው በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ፣ በቆዳው ውስጥ ያሉት የነርቭ ጫፎች ቁጥራቸው እጅግ ቀንሶ አገኙት። ከላይ የዳነ የሚመስለው ቆዳ ውስጡ አልዳነም። ብዙዎቹ የነርቭ ጫፎች ሞተዋል፤ የቀሩትና ከእነሱ መልእክት የሚቀበሉት ክፍሎች ያልተነካውን እንደ ተነካ፣ የተዳሰሰውን እንደ ተቃጠለ ያስተላልፋሉ። ሰዉ የሚናገረው እውነቱን ነው።

እንዲህ ያለው ሕመም ከሁሉ በፊት የሚታወቀው በንግግር ነው። ኤክስሬይ አያሳየውም፤ የደም ምርመራ አይነግረንም። ታዲያ ታማሚው የመናገሪያ ጊዜ ያገኛልን? በ1984 ሀዋርድ ቤክማን እና ሪቻርድ ፍራንክል የተባሉ አሜሪካውያን 74 የሕክምና ቀጠሮዎችን በድምፅ ቀድተው አዳመጡ። ሐኪሙ ታማሚውን ያቋረጠው በአማካይ በ18ኛው ሰከንድ ላይ ነበር። ሐኪሞች የሚሰጡት ምክንያት «ከተውነው አያቆምም፣ ወረፋው ይረዝማል» የሚል ነው። ይህንን ደግሞ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ፈተኑት። ሐኪሞቹ ታማሚው በራሱ እስኪያበቃ ዝም ብለው እንዲያዳምጡ ሆነ፤ 335 ታማሚዎች ተለኩ፤ ውጤቱም በ2002 ታተመ። አማካዩ የንግግር ጊዜ 92 ሰከንድ ነበር። ከአራት ሰው ከሦስቱ የሚበልጡት በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰዋል። የእኛ ተመላላሽ ክፍል ወረፋ ከባዝል እንደሚረዝም፣ አንድ ሐኪም በቀን ስንት ሰው እንደሚያይ አውቃለሁ። ቢሆንም ሁለት ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ናት። አንድ ሰው ለወራት ተሸክሞት ለኖረው ሕመም ልንነሣው የምንችለው ጊዜ አይደለም።

ካዳመጡ በኋላ መጠየቅ ይመጣል። በፈረንሳይ ሐኪሞች ተሠርቶ በ2005 የታተመ አንድ አጭር መጠይቅ አለ፤ አሥር ነጥብ ብቻ ነው፤ ሰባቱ ይጠየቃሉ፣ ሦስቱ በመዳሰስ ይታወቃሉ። ያቃጥላል ወይ? የሚያም ቅዝቃዜ አለው ወይ? እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል ወይ? ውርር ያደርገዋል? መርፌ መርፌ ይላል? ይደነዝዛል? ያሳክካል? ከዚያ ቦታው በጣትና በመርፌ ጫፍ ይዳሰሳል፤ በለስላሳ ብሩሽ ይታሻል። ከአሥሩ አራት ከተገኘ ሕመሙ የነርቭ ነው ብሎ ማሰብ ይገባል። ይህ ለየት ያለ መሣሪያ፣ ለየት ያለ ክፍል አይጠይቅም። እናቶቻችንና አባቶቻችን «ይጠዘጥዘኛል»፣ «ይነዝረኛል»፣ «ጉንዳን ይሄድብኛል» ሲሉ ከአሥሩ ስንቱን ራሳቸው እየነገሩን እንደ ሆነ ልብ በሉ። በአዲስ አበባ የሥጋ ደዌ ሕክምናቸውን በጨረሱ 80 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናትም ከግማሽ የሚበልጡት ሕመም እንዳለባቸው ተናግረዋል፤ ከእነሱም በከፊሉ ሕመሙ የነርቭ ነበር። በመዝገብ ላይ ግን «ድኗል» የተባሉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ነገሩ የአልማዝ ባለጭራ ብቻ አይደለም፤ ቆዳንና ነርቭን አብሮ የሚነካ በሽታ ሁሉ ሐኪሙን «ዛሬስ ያምዎታል?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል።

ከተጠየቀና ከታወቀ በኋላ የሚሰጥ ነገር አለን? አለ፤ መጠኑን ግን ሳላጋንን ልንገራችሁ። ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ እዚህ ላይ ብዙም አይረዱም፤ የተሠሩት ለሌላ ዓይነት ሕመም ነው። ሰዉ በተለይ ዳይክሎፌናክን ከፋርማሲ እየገዛ በየቀኑ ሲውጠው ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳል እንጂ ነርቩን አይፈውስም። አሲክሎቪር ሽፍታውንና የመጀመሪያውን ሕመም ያሳጥራል፤ የሚቀረውን ሕመም ግን በእርግጠኝነት እንደማይከላከል በ2014 ሙከራዎቹ ተሰባስበው ሲመዘኑ ታይቷል። ፕሬድኒሶሎን ጨምሮ መስጠትም 400 ሰው በተሳተፈበትና በ1994 በታተመ ሙከራ የቀረውን ሕመም አልቀነሰም።

የሚረዱት ሌሎች ናቸው። በ1982 በካናዳ ፒተር ዋትሰንና ባልደረቦቻቸው ሕመሙ የቀረባቸውን 24 ሰዎች አሚትሪፕቲሊን በሚባል መድኃኒት ሲያክሙ 16ቱ ጥሩ ወይም እጅግ ጥሩ መሻሻል አሳዩ። መድኃኒቱ ቀድሞ ለድብርት የተሠራ ነው። በጥናቱ እንደ ታየው ግን ሕመሙን የቀነሰው ድብርትን በማከም አልነበረም፤ በነርቭ ላይ የራሱ ሥራ አለው። ይህን ነጥብ አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። ታማሚው ቤቱ ደርሶ ልጁ በስልክ ስታነብለት «የድብርት መድኃኒት» የሚል ያገኛል፤ «ያላመኑኝ ኖሯል፣ አእምሮዬን ነው የጠረጠሩት» ብሎ ይጥለዋል። መድኃኒቱን ያዘዘው ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር፣ «ይህ ለነርቭዎ ሕመም ነው፣ ለሌላ ሰው ለድብርት ይሰጣል» ቢል ኖሮ መድኃኒቱ አይጣልም ነበር። አሚትሪፕቲሊን ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አፍ ያደርቃል፣ ያፈዛል፣ የሽንት መቋጠር ወይም የልብ ችግር ላለበት ሽማግሌ አደጋ አለው። ስለዚህ በትንሽ መጠን፣ ማታ ማታ፣ በሐኪም ክትትል ይጀመራል።

ሌላው ጋባፔንቲን ነው። በ1998 በታተመ፣ 229 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ፣ ታማሚዎቹ ሕመማቸውን ከዜሮ እስከ አሥር ባለው ልክ እንዲሰጡት ተጠየቁ። መድኃኒቱን የወሰዱት ከ6.3 ወደ 4.2 ወረዱ፤ የማስመሰያ ክኒን የወሰዱት ከ6.5 ወደ 6.0። ይህን ቁጥር በደንብ ተመልከቱት፤ ዜሮ አልሆነም። ለታማሚው «ይጠፋልሃል» ብሎ ተስፋ መስጠት በሁለተኛው ሳምንት መድኃኒቱን እንዲያቆም ማድረግ ነው። ከስድስት ወደ አራት ሲወርድ ግን ሰው ሌሊቱን ይተኛል፣ ልብሱን ይለብሳል፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይሄዳል፣ ቡና ላይ ይቀመጣል። ታማሚውና ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀጠሮ የሚስማሙት በዚህ ላይ ቢሆን እመርጣለሁ፦ «ምን ማድረግ ናፈቀዎት?» ብሎ መጠየቅ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮም ያንን ማድረግ ችለው እንደ ሆነ ማየት። በሌላ ሀገር ማደንዘዣ ያለው የሚለጠፍ ጨርቅና ከበርበሬ ማቃጠያ የተሠራ መድኃኒትም አለ። እባካችሁ ይህን ሰምታችሁ ሚጥሚጣ እንዳትቀቡ፤ ያ በተመጠነ መጠን፣ በሕክምና ክፍል ውስጥ የሚደረግ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በሽታውን አስቀድሞ መከላከል ነው። በ2005 ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ 38,546 አሜሪካውያን ላይ የተደረገ ትልቅ ሙከራ ውጤቱ ወጣ፤ ክትባቱ አልማዝ ባለጭራን በግማሽ፣ ቀሪውን ሕመም በሁለት ሦስተኛ ቀነሰ። በ2015 ደግሞ በ18 ሀገሮች ከ15,000 በሚበልጡ፣ 50 ዓመት በሞላቸው ሰዎች ላይ የተፈተነ ሌላ ክትባት ከዚያ እጅግ በለጠ፤ ከተከተቡት 6 ሰዎች ብቻ ሲታመሙ፣ ካልተከተቡት 210 ታመዋል። ይህ ክትባት ከ2017 ጀምሮ በአሜሪካ ለ50 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሁሉ በሁለት መርፌ ይሰጣል። በእኛ ሀገር መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ የለም። በአሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች፣ አጎቶችና አክስቶች ያሏችሁ ግን ስትደውሉ «የአልማዝ ባለጭራ ክትባት ወስደዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ፤ ብዙ ሰው ባለበት ሀገር ያለውን መብት አያውቅም።

ለጤና ባለሙያዎች ያለኝ ልመና አጭር ነው። አልማዝ ባለጭራ ያከማችሁትን ሰው በሦስተኛው ወር ቀጥሩት፤ ሲመጣም ከቆዳው በፊት ሕመሙን ጠይቁት፤ ሁለት ደቂቃ አታቋርጡት።

ለቤተሰብ፦ ሽማግሌያችሁ ልብስ ሲነካቸው የሚጮኹ ከሆነ አትቆጧቸው፤ ሰፊና ለስላሳ የጥጥ ልብስ አልብሷቸው፤ ብቻቸውንም ወደ ሐኪም አትላኳቸው።

ሕመሙ ለቀረባችሁ ደግሞ፦ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ሽፍታው የወጣበትን ወርና የምትወስዱትን ክኒን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ቦታውን በጣታችሁ አሳዩ። ያቃጥል፣ ይነዝር፣ ይደነዝዝ እንደ ሆነ በራሳችሁ ቃል ተናገሩ፤ ሌሊት መተኛት አለመተኛታችሁንም ጨምሩበት። ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ እናንተ ጀምሩ፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ካልረዳችሁም ተመልሳችሁ ሌላውን ጠይቁ።